የእንጦጦ ሸንተረር ላይ ቁጥር ይተከልልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ።

የታክሲ ሾፌር ነበርኩ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ላይ ነው ያረጀሁት። አሁን መኪናውን ልጄ ይዞታል፤ እኔ ቤት ተቀምጬ ጋዜጣ አነባለሁ። ከሽሮ ሜዳ እንጦጦ ማርያም ያለውን ዳገት ከነኩርባው አውቀዋለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ መኪና መንገድ ሳይሆን ስለ እግር መንገድ ነው። ጥያቄዬ አጭር ስለሆነ አስቀድሜ ልናገረው። ከየካ ዋሻ ሚካኤል ተነስቶ በእንጦጦ ሸንተረር እስከ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል የሚሄደው የእግር መንገድ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ድንጋይ ይተከል ነው የምለው። በቃ። ሌላው ሁሉ ምክንያቱ ነው።

ነገሩ የመጣው በስኳር በሽታዬ ነው። ሐኪሙ «ዕድሜዎን ሙሉ ተቀምጠው ነው የኖሩት፣ አሁን ይራመዱ» አለኝ። ትንሿ ልጄ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የእግር ጉዞ የሚወጣ ቡድን አላት። በቴሌግራም ነው የሚጠራሩት። «አባዬ፣ የዚህ ሳምንቱ እንጦጦ ነው፣ አንተ የምታውቀው ቦታ ነው፣ ና» አለችኝ። እኔ የመሰለኝ ማርያም ድረስ በታክሲ ወጥተን፣ ትንሽ ተንሸራሽረን፣ ቡና ጠጥተን የምንወርድ ነበር። እነሱ ለካ ያሰቡት ከዳር እስከ ዳር ነው። በየካ ተወጥቶ በጉለሌ ሊወረድ! ስልካቸው መጨረሻ ላይ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ቆጥሮልናል።

ቡድኑ ድብልቅ ነው። ተማሪዎች አሉ፣ ሁለት ነርሶች አሉ፣ የባንክ ሠራተኞች አሉ። ከሠፈራችን ዕድር እትዬ የምንላቸው አንዲት ሴትም ነበሩ፤ ድፎ ዳቦ በነጠላ ቋጥረው ነው የመጡት። አንድ ጡረታ የወጡ ቀያሽ ደግሞ አሉ። ልጆቹ «ኢንጂነር» ይሏቸዋል። ከዘራቸውን ይዘው ከፊት ከፊት ነው የሚሄዱት። ልጆቹ እኔን «ጋሼ» እያሉ ውኃዬን ሊይዙልኝ ፈልገው ነበር። አልሰጠሁም።

የተነሳነው ከዋሻ ሚካኤል ነው። ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን እዚሁ አዲስ አበባ ውስጥ እንዳለ የማያውቅ ስንት ሰው አለ መሰላችሁ! ላሊበላን ሁለት ጊዜ የተሳለሙ ሰዎች ከዚያው ከቡድናችን «እዚህ ከተማ ውስጥ?» ብለው ደንግጠዋል። ዛሬ ጣሪያ የለውም፣ ሰማይ ነው ጣሪያው። በአፈ ታሪክ ከአብርሃና አጽብሃ ዘመን ነው ይባላል። ኢንጂነር ግድግዳው ላይ የመሮ ፍንጩን በጣታቸው እየዳሰሱ ብዙ ቆዩ። ልጆቹ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ገባን።

ስለ ዳገቱ ትንሽ ልበል፣ የሙያዬ ነገር ነውና። መስቀል አደባባይ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። የእንጦጦ አናት ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ ያህል ያጣል፤ አየሩ ይሳሳል፣ ነዳጁ በደንብ አይቃጠልም። ካርቡሬተር ያላቸው አሮጌ መኪኖች ሽሮ ሜዳን አልፈው ጥቁር ጭስ የሚተፉት ለዚህ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከመጀመሪያው ዳገት በኋላ ጭስ መትፋት ብቻ ነው የቀረኝ። ሯጮቹ ግን በአጠገባችን ያልፋሉ። ድምፅ የላቸውም። ዛፍ ለዛፍ እየተጠማዘዙ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ ሽው ብለው ይጠፋሉ። ዓለም ላይ በሜዳሊያ የምናውቃቸው ሯጮቻችን ብዙዎቹ ይህን አየር ስበው ነው ያደጉት። አንዱ ሲያልፈኝ «አይዞህ አባቴ» አለኝ። ደስ አለኝ፣ ትንሽም አናደደኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ባሕር ዛፉ ውስጥ መንገዱ አንድ አይደለም። ይከፈላል። እንደገና ይከፈላል። የከብት መንገድ አለ፣ የሯጭ መንገድ አለ፣ የእንጨት ተሸካሚ መንገድ አለ፣ ጎርፍ የቦረቦረው መንገድ የሚመስል ነገርም አለ። ሁሉም ሲያዩት ያው ነው፤ ቀይ አፈር፣ ደረቅ ቅጠል፣ ግራና ቀኝ ቀጥ ያለ ግንድ። አንዱ ወደ ላይ ይዞህ ይሄዳል፣ ሌላው ቀስ ብሎ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ጉራራ ሠፈር ያወርድሃል። የሚነግርህ ምልክት ግን የለም። መኪና ነድቼ አገር ዞሬያለሁ። ማንም የማያልፍበት የገጠር መንገድ ላይ እንኳ የኪሎ ሜትር ድንጋይ ተተክሎ ታገኛለህ። የአገሪቱ ዋና ከተማ አናት ላይ ግን የለም።

እትዬና አንደኛዋ ነርስ ወደ ኋላ ቀሩ። እትዬ ጫማቸው አስቸግሯቸው ነበርና ነርሷ አብራቸው ቆየች። እኛ አንድ ሜዳ ላይ ተቀምጠን ቆሎ እየቆረጠምን ብንጠብቅ የሉም። ልጄ ደወለች። ኔትወርኩ ምንም አይልም፣ ጥርት ያለ ነው። ስፒከር ላይ አድርጋው ሁላችንም እንሰማለን።

«የት ናችሁ?»

«እዚህ ነን።»

«እዚህ የት?»

«ባሕር ዛፍ ሥር።»

ሳቅን። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ እውነትም ሌላ የሚባል ነገር የለም። «አጠገባችሁ ምን ይታያል?» «ባሕር ዛፍ።» «ከባሕር ዛፉ ሌላ?» «ሌላ ባሕር ዛፍ።» ነርሷ በስልኳ ያለችበትን ቦታ ልትልክ ሞከረች። ባትሪዋ ሁለት በመቶ ላይ ነበር፣ መልእክቱ ሳይደርስ ስልኩ ጠፋ። እትዬ ደግሞ ስልካቸውን ቤት ቻርጅ ላይ ትተውት መጥተዋል።

ከወጣቶቹ አንዳንዶቹ ወደ ኋላ ሊሮጡ ተነሡ። ኢንጂነር ከለከሉ። «አሁን የጠፉት ሁለት ናቸው፣ ስድስት ልታደርጓቸው ነው?» አሉ። ልክ ናቸው። ቆመን ቀረን። ያኔ ነው አንዲት እንጨት የተሸከመች ሴት ከታች ብቅ ያለችው።

እነዚህን ሴቶች ከመኪና መስኮት ብዙ ዘመን አይቻቸዋለሁ። ከእንጦጦ ስወርድ ማርሽ ቀንሼ፣ ፍሬኑ እንዳይግል እየተጠነቀቅሁ፣ እነሱ ደግሞ በዳር በኩል አጎንብሰው ይወርዳሉ። ክላክስ አደርጋለሁ፣ ዳር ይይዛሉ፣ አልፋለሁ። በእግሬ ቆሜ፣ ፊት ለፊት፣ በክንድ ርቀት አይቻቸው ግን አላውቅም ነበር። ሸክሙ ከሴትየዋ ቁመት ይረዝማል። ከታች ቅርንጫፉ፣ ከላይ ጭራሮና ቅጠል ነው፣ ጫፉ መሬት ሊነካ ምንም አይቀረው። ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ በላይ ነው የሚሸከሙት። ገመዱ ትከሻዋ ላይ እንዳይቆርጣት አሮጌ ሹራብ አጣጥፋ ከሥሩ አድርጋለች። ፊቷ አይታይም፣ አናቷ ብቻ ነው የሚታየው።

ሰላም ስንላት አልቆመችም። ጥቂት ሄደችና የመንገዱ ዳር ከፍ ያለበት ቦታ ስትደርስ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ሸክሙ እዚያ ከፍታ ላይ ቁጭ አለ። እሷ ከገመዱ ሳትወጣ ቀና አለች፣ ላቧን ጠረገች። ያኔ ነው ቦታውን ልብ ያልኩት። አፈሩ ልክ በወገብ ቁመት ነው፣ ከብዛት የተነሣ ተልጎ ለስልሷል። ለምን እዚያ እንዳረፈች ጠየቅኳት። «ዝቅ ካለ ብቻዬን አልነሣም» አለችኝ። እንደዚህ ዓይነት ማረፊያ መንገዱ ላይ በየተወሰነ ርቀት አለ። መንገዱ ራሱ ከማረፊያ ማረፊያ ነው የሚሄደው። ከዚያ በኋላ እያየሁ ሄድኩ፤ እውነትም እንደዚያ ነው። መንገዱ ባልጠበቅሁት ቦታ ሲታጠፍ፣ እጥፋቱ ላይ የለሰለሰ ከፍታ አገኛለሁ።

ልጄ ስለጠፉት ሰዎች ጠየቀቻት።

«አንዷ ነጠላ ያደረጉ ትልቅ ሴትዮ ናቸው?»

«አዎ፣ እሳቸው ናቸው!»

«የተሰነጠቀው ድንጋይ ጋ ቁጭ ብለዋል። ወደ ጉራራ የሚወርደውን ይዘው ነው። እኔም አትውረዱ፣ እዚያው ጠብቁ ብያቸዋለሁ። ይህን ይዛችሁ ውረዱና ሁለቱ ጽዶች ጋ ስትደርሱ ወደ ቀኝ ታጠፉ።»

ሁለት ልጆች ወረዱ። ብዙም ሳይቆዩ እትዬን ይዘው መጡ። እትዬ ምንም አልሆኑም፣ እንዲያውም ግማሹን ድፎ ከነርሷ ጋር ቀምሰውታል።

እኛ በስልክና በካርታ ያላገኘነውን ሴትየዋ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችን። ለእሷ ቦታው ሁሉ ስም አለው። ለእኛ ሁሉም ባሕር ዛፍ ነው። ኢንጂነር ደብተራቸውን አውጥተው የቦታዎቹን ስም ጠየቋት፤ እሷም እየሳቀች ነገረቻቸው። «ይህን ደግሞ ምን ያደርግላችኋል?» አለች። ልጄ ለሻይ ብላ ብር ልትሰጣት ስትል መጀመሪያ እንቢ አለች፣ በኋላ «ለልጆቼ ነው» ብላ ተቀበለች። እትዬ የተረፈውን ድፎ ሙሉውን ሰጧት። ከዚያ ጎንበስ አለችና ሸክሙን ከከፍታው ላይ በጀርባዋ አንሥታ ወረደች። ማንም አላገዛትም። ማገዝ እንኳን እንዴት እንደሆነ አላወቅንም።

እንግዲህ የቁጥሩ ሐሳብ እዚያ መጣ። ሾፌር ነኝ፣ ቁጥር ይገባኛል። ድንጋይ ላይ ቁጥር ቢኖር እትዬ «7 ቁጥር ጋ ነን» ይላሉ፣ አለቀ። አሁን የምሥቀው ሁለቱም ደህና ስለሆኑ ነው። እግር ወለም ቢልስ? ልብ የሚያመው ሰው ቢሆንስ? ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውለህ «የት ናችሁ» ሲሉህ ምን ልትል ነው? «ባሕር ዛፍ ሥር» ልትል ነው?

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ ለእኔ የቀኑ ደስ የሚለው ክፍል ነበር። ጥቅምት ነው፣ ዝናቡ ወጥቷል፣ ሰማዩ የታጠበ ነው። ብርዱ ግን «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚያሰኝ ነው። ሸንተረሩ አንድ ቦታ ላይ ጠበብ ይላል፣ በሁለቱም በኩል ቁልቁል ይታያል። ኢንጂነር አስቆሙኝ። «እግርህን ከፈት አድርገህ ቁም» አሉኝ። ቆምኩ። «አሁን ቀኝ እግርህ አባይ ላይ ነው፣ ግራ እግርህ አዋሽ ላይ» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። በቀኝ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ሱሉልታ ሜዳ ይሄዳል፣ ከዚያ ሙገር፣ ከሙገር አባይ፣ ከአባይ ግብፅን አቋርጦ ሜድትራኒያን ባሕር ይገባል። በግራ በኩል የወረደው ደግሞ ቀበናን፣ አቃቂን ይዞ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። የአንድ ደመና ውኃ በአንድ ክንድ ልዩነት እንዲህ ይለያያል።

ቀበና ድልድይ ላይ ስንት ዘመን ተመላልሻለሁ። ውኃው ከየት እንደሚመጣ ጠይቄም አላውቅ። ክረምት ሲሞላ መንገድ የሚዘጋብኝ ወንዝ ብቻ ነበር። ልጆቻችን ይህን ትምህርት ቤት ውስጥ በሰሌዳ ላይ ይማሩታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል። አንድ ታክሲ ተሳፍሮ ወጥቶ በእግሩ የሚቆምበት ቦታ እዚሁ አለ። እዚያ ቦታ ላይ ድንጋይ ቢኖርና ከቁጥሩ ሥር «አባይ» ተብሎ ወደ ቀኝ፣ «አዋሽ» ተብሎ ወደ ግራ ቀስት ቢቀባበት ምን ያህል ያስወጣል?

ማርያም ሳንደርስ የኪዳነ ምሕረትን ጠበል በጀሪካን የያዙ ሰዎች አገኘን። አጠጡን። ማርያም ስንደርስ ደግሞ የለመድኩት ፌርማታዬ ነው፤ ተራ አስከባሪው አወቀኝና «ጋሼ፣ መኪናውን የት ጥለኸው በእግርህ መጣህ?» ብሎ አሳቀብኝ። ቡና ጠጣን። ልጆቹ የአጤ ምኒልክን ቤተ መንግሥት አዩ። ትልቅ ነገር የጠበቁ ቅር ብሏቸው ነበር፣ የጭቃ ግድግዳ ያለው፣ በኖራ የተቀባ ቤት ነው። ለእኔ ግን ያ ነው ደስ የሚለው። አዲስ አበባ ታች በ1879 ዓ.ም. ብትቆረቆርም ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት በ1882 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። እቴጌ ጣይቱ የፍልውኃውን ሙቀት ወደው ወረዱ፣ አገሩ ሁሉ ተከትሎ ወረደ። እኛ እንግዲህ ከዚያ ሸንተረር የወረድን ሰዎች ነን ማለት ነው።

ባሕር ዛፉም ቢሆን የዚያው ዘመን ነው። ከተማዋ እንጨት ጨርሳ ስለነበር መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደገና አቆጠቆጠ፣ ከተማዋም እዚሁ ቀረች። ሰው ዛሬ ባሕር ዛፍን ይሰድባል፣ ውኃ ይመጥጣል፣ አፈር ያደርቃል ይላል። ጽድና ኮሶ ወይራም መልሶ መተከሉ ጥሩ ነው፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ባሕር ዛፉ ባይኖር ሽሮ ሜዳም ፌርማታ አይኖረኝም ነበር።

ከአናቱ ላይ ቆሞ ማየትን ልዝለለው፤ ያላየ ሄዶ ይይ። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ከሁሉም ርቆ ዝቋላ ይታያል። ከተማችን በተራራ የተከበበች መሆኗን ታች ሆነህ በሕንፃ መሐል አታየውም። እዚያው ሸንተረሩ ላይ የጠፈር ምርምር ማዕከሉ ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት፤ የእያንዳንዳቸው መስታወት ስፋት 1 ሜትር ነው። ሰማዩን የሚያዩበት መሣሪያ አለ፣ መንገዱን የሚያሳይ ድንጋይ የለም።

ከማርያም ወደ ጉለሌ ያለው ደግሞ ሌላ ታሪክ አይደለም። እግራችን አልቆ ነበር፣ ወሬ ቆሟል፣ እትዬ ብቻ ናቸው እየዘመሩ የሄዱት። ጉለሌ ወርደን ታክሲ ያዝን። ሾፌሩ ልጅ እግር ነው፣ ጋቢና አስቀመጠኝ፣ ማርሽ ሲቀይር እያማረርኩ ወረድኩ።

እንግዲህ «ፓርክ አለ አይደል እንዴ?» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አለ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ያምራል፣ ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ ብስክሌት ለሚነዳ፣ ፎቶ ለሚነሣ ጥሩ ነው። የሠሩትን ይባርክ። ፓርኩ ግን የሸንተረሩ መሐል ላይ ነው። ሸንተረሩ በምሥራቅም በምዕራብም ይቀጥላል። የእኔ ጥያቄ ፓርክ ይስፋ አይደለም። ኮንክሪት ይፍሰስ፣ አጥር ይታጠር፣ በር ይተከል አላልኩም። እንዲያውም አደራ፣ አጥር እንዳትሉ። አጥር ቢመጣ መጀመሪያ የሚዘጋው የዚያች ሴት መንገድ ነው። የምለው ድንጋይ ነው። ድንጋይ ብቻ።

ለምን ድንጋይ? ምክንያቱም ብረት ብትተክል በሳምንቱ ቁራሌው ጋ ነው የምታገኘው። እንጨት ብትተክል ደግሞ ምጣድ ሥር ነው። ድንጋይ ግን እዚያው ሞልቷል፣ የሚሰርቀው የለም። በየ500 ሜትሩ አንድ ቢተከል ከዳር እስከ ዳር 40 ገደማ ነው። ቁጥሩ ከዋሻ ሚካኤል 1 ብሎ ይጀምር። መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ተጨማሪ ይኑር፣ ቀስት ይቀባበት፣ ወደ ፈረንሳይ የሚወርደው፣ ወደ ጉራራ የሚወርደው፣ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው ይጻፍበት። የደከመው ሰው የት ወርዶ ታክሲ እንደሚይዝ ይወቅ። ከቁጥሩ ሥር ሴቶቹ የሚጠሩበት የቦታው ስም ይጻፍ፤ የተሰነጠቀው ድንጋይ፣ ሁለቱ ጽዶች እየተባለ። የሚተከልበትን ቦታ ከመምረጥ በፊትም እነሱ ይጠየቁ፣ ለተጠየቁትም የቀን አበል ይከፈላቸው። ባለሙያዎቹ እነሱ ናቸውና። ማረፊያዎቹን ደግሞ ማንም እንዳይነካቸው፣ እንዳያስተካክላቸው፣ እንዳያስውባቸው።

ጅብና ሌባ አለ የሚሉም አሉ። ጅብ ማታ ነው፣ በቀን የሚሄድ ሰው ጋ ጉዳይ የለውም። ሌባ ታችም አለ፤ ስልክ የሚነጠቀው ባሕር ዛፍ ውስጥ ሳይሆን ታክሲ ተራ ላይ ነው። ሰው የሚመላለስበት መንገድ ደግሞ ሌባ አይወደውም። በቡድን መሄድ ግን ደግ ነው፣ ይህን አልክድም።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ለተጓዦቹ። ሃይላንድ እየጠጣችሁ ጫካ ውስጥ አትጣሉ። ያ ዕቃ ከእናንተ ጋር ሙሉ ሆኖ ወጥቷል፣ ባዶውን መውረድ ያቅተዋል? ቀበና የሚገባው በዚያው ነው።

ፈቃዱ የማን እንደሆነ ግን ግራ ገብቶናል። በምሥራቅ የካ ክፍለ ከተማ ነው፣ በምዕራብ ጉለሌ ነው፣ ሸንተረሩን ወደ ሰሜን ተሻግረህ ስትወርድ ሸገር ከተማ ይጀምራል። ኢንጂነር መንገዱን በሚሊሜትር ወረቀት ላይ ሥለው ጨርሰዋል፣ የድንጋዮቹን ቦታም ምልክት አድርገዋል። ለቀለም የሚሆን ገንዘብ ከዕድራችንና ከልጆቹ ቡድን ማዋጣት ጀምረናል። ድንጋይ የሚያንከባልሉ ወጣቶች አሉ። እኔም የልጄን ሚኒባስ አንድ ቅዳሜ እለምነዋለሁ። የቀረን የትኛው ቢሮ፣ የትኛው መስኮት፣ በየትኛው ደብዳቤ የሚለው ነው። የሚያውቅ አንባቢ ካለ፣ ወይም ከሚመለከታቸው አንዱ ይህን ካነበበ፣ በጋዜጣችሁ በኩል መልስ ይስጠን። ክረምት ሳይገባ መትከል እንፈልጋለን፤ ዝናብ ከጀመረ ዳገቱ ድንጋይ አያስወጣም።

ከአክብሮት ጋር

ጡረታ የወጣ የታክሲ ሾፌር
ከፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ አዲስ አበባ